ስህተት የማይደብቅ ባሩድ

ምሕረቱ የጥይቱን ሳጥን ቦርሳው ውስጥ ሊከት አነሳና እጁ አየር ላይ ቀረ። ሳጥኑ ውስጥ ሐሙስ ዕለት በገዛ እጁ የሞላቸው ሃምሳ ጥይቶች አሉ። ሃምሳውም ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል፤ ላያቸው ሰው ምንም እንከን የላቸውም። ግን ሐሙስ ዕለት ባሩዱን እየሞላ ሳለ ከወንበሩ ተነስቶ ነበር። እስከዚህች ደቂቃ ድረስ ያላሰበው ነገር፣ አሁን ሚስቱ የጫማዋን ክር አስራ በሩን በሩን ስታይ ትዝ አለው።

"ምነው ቆምክ? ሦስት ሰዓት አለፈኮ" አለች እልፍነሽ።

"መጣሁ፣ መጣሁ። መነጽሬን ልፈልግ።"

መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው። እልፍነሽ አይታዋለች፤ ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ አገር እስኪሰማ ትስቅበት ነበር። ዛሬ ግን ለሳቅ የሚሆን ልብ የላትም።

የእልፍነሽን ነገር ከሥሩ ካልነገርኳችሁ የምሕረቱ ድንጋጤ አይገባችሁም። ከስምንት ወር በፊት፣ በተሰደዱበት ከተማ ዱርንፎንቴን በሚባል ሰፈር ያለው የብርድ ልብስ ሱቃቸው ውስጥ ሦስት ዘራፊዎች ገቡና አንደኛው ወደ ኮርኒሱ ተኮሰ። ሰው አልሞተም። እልፍነሽ ግን ከቆመችበት መሰላል ወደቀችና የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። አጥንቱ ገጠመ፤ ድንጋጤው አልወጣም። ጎረቤት በር ሲያላጋ የያዘችውን ትደፋለች። የቤታቸው የብረት በር ሲንኳኳማ መኝታ ቤት ገብታ ከውስጥ ትቆልፋለች። ቤሪያ ሰፈር ባለው በዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ስምንት ወር ስትቀመጥ ለማንም ሰው በር ከፍታ አታውቅም፤ ሱቅ መዋሉንማ ከናካቴው ተወችው።

መፍትሔውን ያመጣችው እሷው ናት። "የሚያስደነግጠኝ ከሌላ ሰው እጅ ስለሚመጣ ነው። ያን ድምፅ እኔ ራሴ ባሰማው ይለቀኝ ነበር" አለችው አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጠች። ምሕረቱ ፈቃድ ያለው ስድስት ጎራሽ ሪቮልቨር አለው፤ የተኩስ ክበብ አባልም ነው። ባለፈው ወር ወሰዳት። የተኮሰችው የፋብሪካ ጥይት ነበር። ሽጉጡ ዘለለና ያን የተሰበረ አንጓዋን ጠመዘዘው። መኪና ውስጥ እስከ ቤት ድረስ አለቀሰች። እንባዋን ስትጨርስ እንዲህ አለችው፦

"አንድ ጊዜ ብቻ እሞክራለሁ። እሱም ካልሆነልኝ አገሬ ሆሳዕና እገባለሁ፤ ኤርጎጌ ክፍል አዘጋጅታልኛለች። አንተ ሱቅህን ያዝ። አልቀየምህም።"

ኤርጎጌ ታላቅ እህቷ ናት። ያ አንድ ጊዜ ደግሞ ዛሬ ነው።

ምሕረቱ ለዚች እጅ የሚሆን ለስላሳ ጥይት ራሱ ለመሙላት የቆረጠው ያን ቀን ነው። ያስተማሩት ኡም ፍሪክ ናቸው፤ ሰባ ስምንት ዓመት የሞላቸው የክበቡ አንጋፋ። ኡም ማለት በአገሬው ነጮች ቋንቋ እንደኛ ጋሼ ማለት ነው። ጋራዣቸው ውስጥ ሁለት የባሩድ ጣሳ ጎን ለጎን አስቀመጡለት።

"ለለስላሳ ምት ሁለቱም ይሆናሉ" አሉት። "ይኼ ደቃቁ ጥቂት ይበቃዋል። የሪቮልቨር ቀለህ ረጅም ነው፤ ይኼ ባሩድ ከታች ወለሉ ላይ ተኝቶ ይቀራል፤ እያለም የሌለ ይመስላል። ያኛው ደግሞ እንደ ፈንዲሻ የተነፋ ነው። ቦታ ይፈጃል፤ አንዴ ስትጨምረው ቀለሁን ሊሞላው ምንም አይቀረውም።"

"ጥቂት የሚበቃው ይሻላል" አለ ምሕረቱ። ሃያ ዓመት የነገደ ሰው ሌላ ምን ይላል?

ሽማግሌው በመነጽራቸው አናት አዩት። "ሁለቱንም ይዘህ ሂድና አስብበት። እኔ ግን አንድ ሕግ አለኝ። ባሩድ እየሞላህ ከወንበርህ ከተነሳህ፣ የሞላኸውን ሁሉ ገልብጠህ ከአንድ ጀምር። ስልክ ቢጮኽ፣ ቤት ቢቃጠል።"

"ቤት ቢቃጠልም?"

"ቤት ቢቃጠል ገልብጠህ ውጣ።"

ሁለቱም ሳቁ። ምሕረቱ ግን አላሰበበትም፤ ሐሙስ ዕለት ደቃቁን ከፈተ። ሃምሳ ቀዳዳ ያለው የእንጨት ሳንቃ ላይ ሃምሳ ቀለህ አቁሞ፣ በትንሿ ማንኪያ እየሰፈረ፣ ረድፍ በረድፍ ሲሞላ በሩ ተንኳኳ። እልፍነሽ ወዲያው መኝታ ቤት ገባች። በሩ ላይ ጋሽ ሽጉጤ ቆመዋል፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ ለእልፍነሽ ሊጸልዩ ሳይደውሉ የመጡ። ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው መቼ ይደውላል? ስማቸው ሽጉጤ ይሁን እንጂ ከጦር መሣሪያ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር መቀመጥ እንኳ አይወዱም። ምሕረቱ ሳንቃው ላይ ፎጣ ጣል አድርጎ ብድግ አለ። እንዴት አይነሳ! ሽማግሌ ቆሞ እሱ ተቀምጦ "ይግቡ" ቢል፣ አባቱ ከመቃብር ተነስቶ ጆሮውን ይይዘው ነበር። ከዚያ ጸሎቱ ቀጠለ፣ ሻዩ ቀጠለ፣ የቤተ ክርስቲያኑ የጣሪያ ጉዳይ ቀጠለ። አንድ ሰዓት አልፎ እንግዳውን ከሸኘ በኋላ ፎጣውን ገለጠ። ሦስተኛውን ረድፍ እየጨረሰ ነበር ወይስ ጨርሶ ነበር? በባትሪ ወደ ቀለሆቹ ውስጥ አየ። ሁሉም ከታች ጥቁር ጥቁር ናቸው፤ አንዴ የተሞላው ሁለቴ ከተሞላው አይለይም። የመሰለውን ያዘና ቀጠለ። በየቀለሁ አፍ ላይ የእርሳስ አረሩን አስቀመጠ፣ በመጭመቂያው ዘጋ፣ በሳጥን ደረደረ። እልፍነሽ ለዛሬ እንዲደርስላት ቸኩሏል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ።

አሁን ሳጥኑን ይዞ መታጠቢያ ቤት ገባና በሩን ዘጋ። ሃምሳውም ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። ዝም ብሎ ይዟት ቢሄድስ? ይህ ቀን ካለፈ ሌላ ቀን የለም፤ አውሮፕላኑ ላይ ሲያሳፍራት ታየው። ቀጥሎ ደግሞ ሁለት ጊዜ የተሞላው ጥይት በእሷ እጅ ውስጥ ሲፈነዳ ታየው። ሃምሳውንም እኔው ልተኩሳቸው፣ ከፈነዳም በእኔ እጅ ይፈንዳ፣ ብሎም አሰበ። ታዲያ እሷ ምን ልትተኩስ ነው የምትሄደው? ስልኩን አወጣ።

"ተነስተህ ነበር?" አሉት ኡም ፍሪክ ገና ሳይጨርስ።

"ተነስቼ ነበር።"

"ለምን?"

"የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ መጡብኝ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ቆሞ እያዩ አይቀመጡም።"

"በእኛም ዘንድ ድሮ እንደዚያ ነበር" አሉ ኡም ፍሪክ። "ግን ባሩድ ሽማግሌ አያውቅም፣ ልጄ።"

"በሚዛን ልለያቸው?"

"አይሆንም። አንዱ እርሳስ ከሌላው ይከብዳል፣ አንዱ ቀለህ ከሌላው ይወፍራል። በዚያ መሐል አንዲት ማንኪያ ባሩድ ትጠፋለች፤ ሚዛኑ ይዋሽሃል። ሁሉንም ፍታቸው።"

"ኡም፣ ዛሬ ካልሄድን እኮ…"

"ምሕረቱ፣ ስንት ሚስት አለህ?"

"አንድ።"

"እንግዲያው ፍታቸው" አሉና ዘጉት።

እልፍነሽ በሩ አጠገብ እንደቆመች ነው። የጆሮ መከላከያውን አንገቷ ላይ አድርጋዋለች፤ በግራ እጇ የቀኝ አንጓዋን ይዛለች። ምሕረቱ ፊቷን ሳያይ ተናገረ።

"እልፌ፣ ዛሬ አንሄድም።"

"ምን?"

"ጥይቶቹን አላመንኳቸውም። ሐሙስ ጋሽ ሽጉጤ ሲመጡ ከመሐል ተነሳሁ። ምናልባት አንዱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጨምሬ ይሆናል። እርግጠኛ አይደለሁም።"

"ምናልባት?"

"ምናልባት።"

"ለምናልባት ነው የምታስቀረኝ?" ድምፅዋ ተሰበረ። "ሌሊቱን ስጸልይ ነው ያደርኩት። ዛሬ ነው ልቤ ትንሽ የጠናው። ነገ ይኼን ልብ ከየት አመጣዋለሁ? አንተም ፈርተሃል፤ ፈራሁ በለኝ!"

"አዎ ፈራሁ" አለ። "ያንቺን እጅ ነው የፈራሁት። አገርሽ ግቢ፣ ሆሳዕና ሆነሽ በሁለት እጅሽ ኑሪልኝ። እዚህ በአንድ እጅ ከምትቀሪልኝ ያ ይሻለኛል።"

እልፍነሽ መኝታ ቤት ገባች። ቁልፉ ሲዞር ሰማ።

ምሕረቱ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት አነጠፈ፤ ከወጥ ቤት የሥጋ መክተፊያውን አመጣ። መፍቻው መዶሻ ይመስላል፤ ጥይቱ ክፍት በሆነው ጭንቅላቱ ውስጥ ይገባል፤ መዶሻው እንጨት ላይ ሲመታ በምቱ ኃይል እርሳሱ ከቀለሁ ተላቆ ይወጣል፣ ባሩዱም እዚያው ይፈሳል። የመጀመሪያውን ጥይት አስገባና መታ። ጧ! ድምፁ ክፍሉ ውስጥ አስተጋባ። መኝታ ቤት ውስጥ የሆነ ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ።

"ወይኔ!" ብሎ መዶሻውን አስቀመጠ። ይህን እንዴት አላሰበም? ሃምሳ ጊዜ ሊያስደነግጣት ነው! መክተፊያውን በፎጣ ጠቀለለና በቀስታ ሞከረ፤ እርሳሱ አልነቃነቅ አለ። ወደ ታች ግቢ ልውረድ እያለ ሲያቅማማ የመኝታ ቤቱ ቁልፍ ዞረ። እልፍነሽ ዓይኗ ቀልቶ መጣች፤ ጫማዋን አላወለቀችም።

"ስንት ናቸው?"

"ሃምሳ። አንዱ ተፈቷል። ታች ልወርድ ነው፣ አትደንግጪ።"

"ታች ወርደህ ጥይት ልትቀጠቅጥ? ጥበቃው ፖሊስ ቢጠራብህ ምን ትላለህ? የሥጋ መክተፊያም ይዘህ!" ወንበር ስባ ተቀመጠች። ፎጣውን ከመክተፊያው ላይ አነሳችና ጣለችው። "ስጠኝ።"

"እልፌ…"

"ስጠኝ አልኩህ። ድምፅ አይደል የፈለግሁት? ይኸው ድምፅ።"

ጥይቱን አስገብቶ መዶሻውን ሰጣት። በቀኝ እጇ ያዘችው። ዓይኗን ጨፍና መታች፤ ምቷ ለዝንብ እንኳ አይበቃም።

"ጠንከር አድርገሽ።"

ሁለተኛ መታች። በሦስተኛው ጧ አለና እርሳሱ ወጣ። በገዛ ምቷ ክው ብላ ትከሻዋ እስከ ጆሮዋ ደረሰ። ምሕረቱ ባሩዱን ወረቀቱ ላይ አራገፈው፤ ቁንጥር ጨው የምታህል ክምር ሆነች። አያትና ወደ ሌላ ዕቃ ገለበጣት።

"ደህና ነው" አለ።

"ሌላ አምጣ።"

አሥረኛው ላይ ስትደርስ ዓይኗን መጨፈን ተወች። ከዚያ በኋላ ትከሻዋም አርፎ ተቀመጠ። ምሕረቱ አጎንብሶ ክምሮቹን እያየ በጎን ግን እሷን ያያል፤ ልቡ በደስታና በፍርሃት መሐል ተንጠልጥላለች። አሥራ ዘጠነኛውን ስትመታ ድንገት ማውራት ጀመረች።

"ያ ኮርኒሱን የተኮሰው ልጅ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ነግሬህ አላውቅም።"

"አልነገርሽኝም።"

"ከእኔ የባሰ ፈርቶ ነበር። ስወድቅ 'ሶሪ ማማ' አለኝኮ! በሽጉጥ እየዘረፈኝ ሶሪ ማማ!" ጧ! "ስምንት ወር ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ያለው ተኩሱ ብቻ ነበር። አሁን ሶሪ ማማው ትዝ አለኝ።"

ሳቀች። ሳቁ ወደ ልቅሶ ሄደና እንደገና ወደ ሳቅ ተመለሰ። ምሕረቱ ሌላ ጥይት አቀበላት። ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ፤ እልፍነሽ ወደ ግድግዳው ዞራ "ሶሪ ማማ!" ብላ ጮኸችና ምሕረቱም ሳቁ አመለጠው።

ሠላሳ ሰባተኛው ላይ ሳቁ ቆመ። እርሳሱ ወጣ፣ ምሕረቱ ባሩዱን አራገፈው፤ ክምሩ አላልቅ አለ። ከሌሎቹ አጠገብ ሲያዩት ለማንም ዓይን ግልጽ ነው። እንዲያው ለማረጋገጥ ሚዛን ላይ አደረገው፤ ልክ እጥፍ ነበር። ወረቀቱን ቀስ ብሎ ወደ እሷ ገፋላት።

"ይኼ ነው?" አለች እልፍነሽ።

"ይኼው ነው" አላት።

"ብተኩሰው ምን ይሆን ነበር?"

"ሽጉጡ ይፈነዳ ነበር። እጅሽ ላይ። ምናልባትም ፊትሽ ላይ።" ቀኝ እጇን ከነመዶሻው ያዘና አንጓዋን፣ ያን ያበጠ የሚመስለውን አጥንት፣ ሳመው። ደግሞ ሳመው። እንባው እጇን አራሰው።

እልፍነሽ በሌላ እጇ ጭንቅላቱን ዳሰሰችው። "በቃ፣ በቃ" አለች። "የጋሽ ሽጉጤ ጸሎት ረጅም ነው። አንተንም ሁለት ጊዜ አስሞላህ።"

"በእሳቸው አትፍረጂ።"

"አልፈረድኩም። ለእኔ እጅ ሊጸልዩ መጡ፤ እጄ ይኸው ተርፏል።" መዶሻውን አነሳች። "የቀሩት ስንት ናቸው?"

"አሥራ ሦስት።"

አሥራ ሦስቱንም ፈቱ። ከዚያ ውስጥ ሌላ እጥፍ አልተገኘም። ሲጨርሱ አምስት ሰዓት ሆኗል። ምሕረቱ ከቁም ሣጥኑ ሁለተኛውን ጣሳ አውጥቶ ከፈተው፤ ያን እንደ ፈንዲሻ የተነፋውን። አንድ ቀለህ አቁሞ ኡም ፍሪክ በእጃቸው በጻፉለት ልክ ሰፈረና ጨመረ። ባሩዱ ወደ አፉ ተጠግቶ ቆመ፤ ለማየት ባትሪም አላስፈለገም።

"አሁን ሁለተኛ ልጨምርበት፤ እይ" አላት። ጨመረ። ባሩዱ ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

እልፍነሽ ከፈሰሰው በጣቷ ነካ አድርጋ አየችው። "ይኼ ስህተቱን አይደብቅም።"

"አይደብቅም።"

"ታዲያ መጀመሪያ ይኼን ለምን አልወሰድክም?"

"ያኛው ጥቂት ነው የሚበቃው። አንድ ጣሳ ዓመት ይሄዳል ብዬ…"

"አይ ነጋዴ!" አለችው፤ ግን ጣቷን እየጠረገች ፈገግ ብላለች። "የሚስትህን እጅ በቁጠባ!"

ምሕረቱ የሚገባውን ነው የተባለው። ደቃቁን ባሩድ ክዳኑን አጥብቆ ዘጋና ለኡም ፍሪክ ሊመልሰው በር አጠገብ አስቀመጠው። ሰዓቱን አየ። የተኩስ ክበቡ ስምንት ሰዓት ይዘጋል፤ መንገዱ ሩቅ ነው።

"ላንደርስ እንችላለን፣ እልፌ።"

"ካልደረስን የሚቀጥለው ቅዳሜ አለ" አለች፣ ቀለሆቹን አንድ በአንድ ሳንቃው ላይ እያቆመች።

የሚቀጥለው ቅዳሜ አለች! ምሕረቱ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። ቢጠይቃት ቃሏን የምታጥፍ መሰለው። ማንኪያውን አነሳ። እሱ ይሞላል፤ እሷ ከጎኑ ጎንበስ ብላ እያንዳንዱን ቀለህ በዓይኗ ታያለች፣ "አለ" ትላለች፣ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። አለ። አለ። አለ። ሁለተኛው ረድፍ ወደ መጨረሻው ተቃርቧል።

የብረቱ በር ተደበደበ። ሦስት ጊዜ፣ በቁልፍ ይሁን በምርኩዝ፣ ቤቱ እስኪንቀጠቀጥ።

እልፍነሽ ክው አለች፤ ፊቷ ነጣ። ምሕረቱ ደግሞ ምን ያድርግ፣ ሳያስበው ብድግ ሊል ጀመረ፤ እጁም የጠረጴዛውን ጫፍ ያዘ። ሊነሳ ገና ከወንበሩ ላይ ሲላቀቅ፣ ትከሻው ላይ እጅ አረፈበት። ቀኝ እጇ ነው። ትጫነዋለች፣ አጥንቷ እያመማት።

"ተቀመጥ" አለችው በለሆሳስ።

"ማን እንደሆነ ሳናውቅ…"

"ተቀመጥ አልኩህ። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ነህ።"

ቁልፉን ከጠረጴዛው አነሳች። ወደ በሩ ያለው ርቀት ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው፤ ምሕረቱ እያንዳንዱን እርምጃ በጀርባው ይሰማል። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች። በሩ እንደገና ተደበደበ።

"ማን ነው?" አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን ወጣ።

"እኔ ነኝ፣ እህቴ! ሰላም ለዚህ ቤት!"

የጋሽ ሽጉጤ ድምፅ ነው። ቁልፉ አንዴ ቀዳዳውን ስቶ ብረት ፋቀ፤ ሁለተኛ ሞከረችና ገባ፣ ዞረ። ማጠፊያው ሲጢጥ አለ። ከኮሪደሩ ብርድ ገባ፤ ሽማግሌው በስምንት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ በሩ ላይ እሷን ሲያዩ "ኦ ጌታ ሆይ!" ሲሉ ተሰማ።

"ይግቡ ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ" አለች እልፍነሽ። "ምሕረቱ ግን ዛሬ አይነሳም፤ አይቀየሙት።"

ምሕረቱ አልተነሳም። እንባው ባሩዱ ላይ እንዳይወርድበት ፊቱን በክንዱ ጠረገና አሥራ ዘጠነኛውን ቀለህ ሞላ።